የአባባ ዓይንና ሞተር የሌለው አውሮፕላን

ለውድ እህቴ ለጌጤ ቀለመ ወርቅ፣
ካለሽበት ጅንካ።

እታለሜ እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ፣ ያ ጠመኔ ይዘሽ ስትቆሚ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ወንበር ተደግፈሽ ነው የምታስተምሪው? ወባውስ ዘንድሮ ማረሽ? ባለቤትሽ አቶ ሰውነት ደህና ነው? ልጃችሁ ፍቅር አደገች? እናንተ አገር ልጅ በቶሎ ይረዝማል ይባላልና ስትመጡ እንዳልስታት ቁመቷን በክር ለክተሽ ላኪልኝ።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። ገብሱ ደህና ገባ። ስንዴውን አመዳይ ነካ አድርጎት ነበር፤ ቢሆንም ከአምናው አያንስም። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግን እንደ እናትዋ ሁሉ ረጋጭ ናት። ብርዱ እንደምታውቂው ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ ሦስት ቃል ሳልጨርስ ስለምታቋርጪኝ ነው። ወረቀት አይቋረጥም። ነገሩ ደግሞ ከሥሩ ካልተነገረ ጥፋቴ ካለበት በላይ ይገዝፋል፤ ያለዚያም ትንሽ አይደለም። ኅዳር ላይ አባባ በስልክ የነገሩሽ፣ አንቺም አልቅሰሽ ለመምህራኑ ሁሉ ያወራሽው ነጭ ክንፍ የእኔ ሥራ ነው። በዚያ ክንፍ የተነሣ አባባ ዓይኔን አልታከምም ብለው ነበር። የሆነውን እንደሆነው ልጻፍልሽ።

መነሻው አንዳርጌ ነው። አንዳርጌ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ቀጭን ሰው ነው። አምና መስከረም ላይ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ተሸክሞ ወርክሾፔ መጣና ይህን የአሞራ ክንፍ አስመስለህ ልትሠራው ትችላለህ ወይ አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ አልጋና በር ሲያንኳኳ ለኖረ አናጢ እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቀኑ አይመጣም። ሳላስብ እችላለሁ አልኩት። ለምን እንደሆነ የጠየቅኩት ፎሙን ግማሽ ከሞረድኩ በኋላ ነው።

ነገሩ ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአልጋ ወርድ ትንሽ ይበልጣል። የሚያስኬደው ሞተር የለውም። ክንፉ ፎም ነው፤ እንዳይሰበር መሐሉ ላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይገባበታል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልስና በነጭ ፕላስተር ይለበጣል። ሆዱ ስስ የዋንዛ ጣውላ ነው። አፍንጫው ላይ ብሎን እንጨምርበታለን፤ አፍንጫው ካልከበደ ሽቅብ ያይና ቀጥ ብሎ ይወድቃል። ስልክ የሚጠግነው መሐሪ ደግሞ ሪሞትና ጅራቱን የምታዞር አውራ ጣት የማታህል ነገር ከአዲስ አበባ አስመጣ። ከሰዓት በኋላ ከቆላው የሚነሣው ነፋስ ገደሉን ሲመታ መሄጃ ያጣና ሽቅብ ይወጣል። ሥራው አውሮፕላኑን በዚያ ነፋስ ላይ ወርውሮ መልቀቅ ነው። ከዚያ በኋላ ሪሞቱ እጅሽ ላይ ነው፤ ነፋሱ ግን እጅሽ ላይ አይደለም።

የመጀመሪያው ገደል ገባ። ሁለተኛውም ገደል ገባ። ሦስተኛው የጎረቤታችን የዋለ ማሳ ውስጥ ወደቀና እሱን ስንፈልግ ከአንድ ጥማድ በሬ የባሰ ስንዴ ረገጥን። ዋለን ታስታውሽዋለሽ፤ አፋፉ ላይ ያለው ነው። ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሣኝ፤ የጎተራውን በር አድሼለት ነው የታረቅነው። አሁን እሱም ከእኛ ጋር ነው። አራት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ አፋፉ ላይ እንገናኛለን። መቼም ሰው በተሰበሰበበት ዳቦና ጠላ መምጣቱ አይቀርም፤ ተራ ገባን፣ ማኅበሩን የሚመራ ሙሴም ሾምን። ባለቤቴ ምሥራቅ ማኅበራችሁ የየትኛው ታቦት ነው ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። አገሬው ግን ሳይጠየቅ የአሞራ ማኅበር ብሎ ስም አወጣልን።

ወደ አባባ ልመለስ። ዓይናቸው መድከሙን ታውቂያለሽ፤ ምን ያህል እንደደከመ ግን እኛ አብረናቸው የምንኖረውም አላወቅንም። ድጓውን በቃሉ የያዘ መሪጌታ መጽሐፉ ባይታየው ማን ያውቅበታል? የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ እግራቸው ያውቀዋል፤ ሰውን በድምፁ ይለያሉ፤ ያልገባቸውን በቁጣ ያልፉታል። የታወቀባቸው ነሐሴ ላይ ነው። የዋለ በሬ አጥር ጥሶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ አባባ በሬው ምሥራቅ መስሏቸው ልጄ እስቲ ውሃ ስጪኝ አሉት። ሁለተኛም ጠየቁት። እኛ ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ማንም አልሳቀም። ሐኪም ዘንድ ብንወስዳቸው የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ብዙ ከቆየ ግን ተስፋ የለውም ተባልን። ጥር ላይ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ወደ ከተማችን ስለሚመጡ ተመዝገቡ አሉን። አባባም እሺ ብለው ተመዘገቡ። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ደህና ነበር።

ከዚያ የኅዳር ሚካኤል መጣ። ታቦቱ ሲወጣ ነበርኩ፤ ዑደቱ ሲጀመር ግን በሰው መሐል ሾልኬ ወጣሁ። አራተኛው አውሮፕላን ያለቀው የዚያን ሰሞን ነበር፤ የዕለቱ ነፋስ ደግሞ ለዘር የሚጠበቅ ዝናብ ይመስል ልክ በልኩ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከአፋፉ ብዙ እንደማይርቅ ታውቂያለሽ። አንዳርጌና እኔ ሰዓቱን አሰላን፤ እንደ ወትሮው ከሆነ ታቦቱ እስከ ስምንት ሰዓት መንበሩ ይገባል፤ ስለዚህ በዘጠኝ ብንለቀው ማንንም አንነካም አልን። የሳትነው የአባባን ወረብ ነው። ዓይናቸው ቢደክምም ድምፃቸው አልደከመም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ እያነሡ፣ ያለቀውንም ይደገም እያሉ ታቦቱን እስከ ዘጠኝ ተኩል አቆሙት። እኛ ደግሞ በሰዓታችን ለቀቅነው።

ገና ሁለት ዙር ሳይዞር ከእጄ ወጣ። ከአፋፉ አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። ሪሞቱን ብጠመዝዝ ብጠመዝዝ ሦስት ጊዜ ከዝግባዎቹ በላይ ዞረ እንጂ አልመለስ አለኝ። ከታቦቱ በላይ መሆኑን ያወቅኩት እልልታውን ስሰማ ነው። እልልታው ለታቦቱ ይሁን ለእኔ ፎም እስከ ዛሬ አላውቅም። በአራተኛው ተመለሰልኝና አወረድኩት። 

ሕዝቡ የተታለለ እንዳይመስልሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያየው ነገር ነው፤ ስሜን ጠርቶ የእንየው አሞራ ታቦት ሊሳለም መጣ ብሎ ነው የሳቀው። ያልሳቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። አባባ መቋሚያቸውን እንደ ያዙ ፊታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው አየሁ አሉ። ነጭ ክንፍ አየሁ፣ ሦስት ጊዜ ዞረ፣ ሚካኤል ዓይኔን መለሰልኝ ብለው አለቀሱ። አጠገባቸው የነበሩት ካህናት እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሁለት ዓመት በጭጋግ ውስጥ የኖረ ሽማግሌ በደስታ ሲያለቅስ፣ የኔታ ያዩት እኮ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነው ብሎ የሚናገር ምላስ ከየት ይመጣል?  ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሹን ታውቂዋለሽ። ደውለው ነገሩሽ፤ አንቺም ለሚካኤል ጥላ ተሳልሽ። የማታውቂው ግማሽ ይህ ነው፤ በማግስቱ ምዝገባዬን ሰርዙ አሉ። ሚካኤል የገለጠውን ዓይን የሰው ቢላዋ አይነካውም አሉ። እማማ ለመኑ፣ ምሥራቅ ለመነች፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡ። አባባ ሁሉንም በጥሞና ሰምተው ሸኟቸው።

እኔስ? ዝም አልኩ። ለመናገር ምንጊዜም ነገ ከዛሬ የተሻለ ይመስለኝ ነበር። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። አባባ ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ አንዴ ከደጃፉ ደረጃ ላይ፣ አንዴ ወደ ምንጩ በሚወስደው ቁልቁለት። ሁለተኛው ላይ ግንባራቸው ተፈነከተ፤ ፀሐዩ መትቶኝ ነው አሉ፤ ሰማዩ ግን ዳመና ነበር። ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን እማማ ወርክሾፕ ድረስ መጥተው ከመጋዜ አጠገብ ቆሙ። አንተ ነህ ያወጣኸው፣ አንተው አውርደው አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ተመልሰው ሄዱ።

ጥር አሥራ አምስት ቀን ጠዋት አባባ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ ነገርኳቸው። ፎሙን፣ ቀርከሃውን፣ ፕላስተሩን፣ ከበዓሉ መሹለኬን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ቀለሙ ምንድን ነው አሉኝ። ነጭ ነው አልኳቸው። ስንት ጊዜ ዞረ አሉኝ። ሦስት ጊዜ አልኳቸው። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱና እንግዲያ ዓይኔ ደህና ነው አሉ! መልአክ ቢሆን ኖሮ ለልቤ ነው የታየኝ ትሉ ነበር፤ ፎም ከሆነ ግን ለዓይኔ ነው የታየኝ፤ ፎምን ከዝግባ በላይ የሚያይ ዓይን ምን ሐኪም ያሻዋል ብለው አፋጠጡኝ። እታለሜ፣ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው በክርክር አይረታም። እውነት ይዤ ሄጄ ተረትቼ ተመለስኩ። ለድፍረቴ ደግሞ ወደ ንስሐ አባቴ ሰደዱኝ፤ ስድሳ ስግደት ተሰጠኝ፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

አባባ በዚህ አላበቁም። ቅዳሜ ወደ አፋፉ ውሰደኝ፣ ማየቴን ለማኅበርህ ላሳየው አሉ። በዋለ በቅሎ ወሰድናቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ለንግሥ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ከገደሉ ራቅ አድርገን አቆምናቸው። አንዳርጌ አውሮፕላኑን ወረወረው፤ ሪሞቱ በእኔ እጅ ነበር። አባባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩና ይኸውላችሁ አሉ። እውነትም እዚያው አካባቢ ነበር። ምናልባት እኔ ነኝ ዕውሩ አልኩ። ቀጥለው አሁን ወደ ቀኝ ዞረ አሉ። የዞረው ወደ ግራ ነበር። 

ከዚያ ነፋሱ ላላ። አውሮፕላኑ ዝቅ ዝቅ አለና ከኋላችን ሣሩ ላይ አሳረፍኩት። ሣር ላይ ሲያርፍ ድምፅ የለውም። የአባባ ጣት ግን አልወረደም። ባዶ ሰማይ ላይ ቀስ እያለ ይዞር ነበር። እንዴት ያምራል አሉ። መሐሪ ጫማውን ማየት ጀመረ። ዋለ በቅሎዋን ይዞ ፊቱን አዞረ። የአንዳርጌ እጅ እንኳ አርፎ ነበር።

እታለሜ፣ በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ የከበደችኝ የለችም። አባቴን በሰው ፊት ላሳፍር ወይስ ታውረው ይቅሩ? ሪሞቱን መሬት ላይ አስቀመጥኩና አባባ፣ ወርዷል አልኳቸው። መቼ አሉ። ቆይቷል አልኳቸው። ጣታቸው እንደ ተቀሰረ ጥቂት ቆየ። ከዚያ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ መለሱት።

አምጣው አሉኝ። አምጥቼ ሰጠኋቸው። አፍንጫውን፣ ሆዱን፣ ክንፉን በጣታቸው ዳሰሱት፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ክብደቱን መዘኑት።  በቅሎዋ ላይ ተቀምጠው ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው ሐኪሞቹ መቼ ነው የሚመለሱት ብለው የጠየቁኝ። ሐሙስ ይጨርሳሉ አልኳቸው። እንግዲያ ሰኞ እንመዝገብ፤ ማክሰኞ ማርያም ናት፣ አይሆንም፤ ረቡዕ ይሥሩኝ አሉ። ሐኪሞቹን የቀጠሯቸው እሳቸው ይመስሉ ነበር።

ኅዳር ላይ ምን እንዳዩ አልጠየቅኳቸውም። የእኔን ፎም ይሁን፣ የገዛ ዓይናቸውን ሞራ ይሁን፣ ከዚያ ሌላም ይሁን አላውቅም። እኔ አናጢ ነኝ። ጥላውን ግን አስቀሪው አልልሽም፤ ስእለት ስእለት ነው፣ ላኪው።

ረቡዕ ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሐሙስ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ ከፊታቸው ቆሜ ነበር። ነርሷ ጣቶቿን አሳይታ ስንት ነው ስትላቸው ሦስት ነው፣ ጥፍርሽን ግን ቁረጪው አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ብዙ ቆይተው አዩኝና ጸጉርህ መቼ ነው የነጣው አሉኝ።  እዚያው የቆምኩበት አለቀስኩ። ይህን ለምሥራቅም አልነገርኳትም፤ ለአንቺ ብቻ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ፣ የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ ሐኪሙ የሰጣቸውን ጥቁር መነጽር አድርገው እንደገና አፋፉ ላይ ወጡ። ማንም አልጠራቸውም። አውሮፕላኑ ያን ዕለት ከወትሮው ሁሉ አሳምሮ ሄደ፤ እኛም የሚሉትን ለመስማት ጆሯችንን አቆምን። አባባ አንገታቸውን አቅንተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉትና ግራ ክንፉ ጠማማ ነው አሉ። ሃያ ዓመት በርና መስኮት የገጠምኩ ሰው ነኝ ብዬ ተቆጣሁ። ዝም አሉኝ፤ የአባባ ዝምታ ከክርክራቸው የባሰ ነው። ወርክሾፕ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ በክርና በውሃ ልክ ለካሁት። የግራው ክንፍ ከቀኙ ግማሽ ጣት ዝቅ ብሏል። ከኅዳር ጀምሮ ወደ ግራ ሲጎትተኝ ነፋሱን ስራገም ኖሬያለሁ። የኅዳር ሚካኤል ዕለትም ከእጄ ያወጣው ያው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከአፋፉ በስተ ግራ አይደል? አንዳርጌም በፊዚክሱ አላየውም፣ እኔም በሙያዬ አላየሁትም። ክንፉን ፈትቼ እንደገና እየሠራሁት ነው።

እንግዲህ ሰላምታውን ላድርስ። እማማ ደጊቱ ጉንጭሽን ይስሙሻል፤ የወገብሽን ነገር ሙቅ ጨው በጨርቅ ቋጥረሽ ያዢበት ይላሉ። ምሥራቅ እንዴት ነሽ ትልሻለች፤ ለፍቅር የጠለፈችው ቀሚስ አልቋል፣ የቁመቷ ክር እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው። ልጃችን ካሌብ አክስቴ መቼ ነው የምትመጣ ይላል፤ ፎቶሽን አይቶ ነው እንጂ አያውቅሽም። ዋለም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ በሬው ደህና ነው። አንዳርጌና መሐሪ ሳያውቁሽ ሰላም ይሉሻል። ለሰውነት የከበረ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ፍቅርን ሳሚልኝ።

አባባ ይህን ስጽፍ ከጀርባዬ ቆመው እያነበቡ ነው፤ ፊደሌ እንደ ልጅነቴ ጠማማ መሆኑን እስካሁን ሁለቴ ነግረውኛል። የእሳቸውን ሰላምታ ለብቻው፣ እንደ ወረደ ጻፍ ብለውኛል። እነሆ፦ ልጄ ጌጤ፣ ያኔ አየሁ ያልኩሽን አይቼው ይሁን አይሁን እንጃ። አሁን ግን አያለሁ። ነይ።

ወንድምሽ እንየው ቀለመ ወርቅ
ንፋስ መውጫ
የካቲት 11 ቀን 2011 ዓ.ም.